የሼህ እንድሪስ ዘይት

ባለፈው ወር ከደሴ ወደ ወልድያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ እንደ ልማዱ መርሳ ላይ ቆመ። ረዳቱ «አሁን እንሄዳለን» ብሎ ወረደና አንዱ ምግብ ቤት ገባ። ብርቱካንና ፓፓያ በሳህን የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። የመርሳ ሙቀት ከወልድያው ይለያል፤ አየሩ ራሱ ይከብዳል፣ ሸሚዝ ከወንበር ጋር ይጣበቃል። እንዲህ ተቀምጠን ሳለ አንድ ጎልማሳ ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ ወደ ውስጥ ገባና ጉሮሮውን ጠራርጎ መናገር ጀመረ። ለቋቁቻ፣ ለጭርት፣ አልድን ላለ ቁስል ሁሉ የሚሆን ከዕፅዋት የተቀመመ ዘይት ነው የሚሸጠው። ከኋላ ከተቀመጡት ወጣቶች አንዱ «ለድህነትስ ይሆናል?» አለና ሌሎቹ ሳቁ። ሰውየው አልከፋውም። የአንዱን ብልቃጥ ክዳን ከፍቶ «አሽትቱት» እያለ በየወንበሩ አዞረው።

እኔ ጋ ሲደርስ አሸተትኩት። ኑግ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ ገብቶበታል፤ ከሥሩ ደግሞ መረር ያለ የቅጠል ሽታ አለው። አልገዛሁትም። ነገር ግን ወልድያ እስክንገባ ድረስ ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ ከሽታው ጋርም ከብዙ ዓመት በፊት የማውቃቸው ሰዎች አብረውኝ ተሳፈሩ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ነው። ገበሬው ጋውን የለበሰን ሁሉ «ዶክተር» ስለሚል ገና ጢሜ በቅጡ ሳይወጣ «ዶክተር ደረጀ» ተብዬ ነበር። ከማሠልጠኛ ወጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬን የያዝኩት መርሳ ነው። ክሊኒካችን ቆርቆሮ የለበሰች ትንሽ ቤት ነበረች፤ ከፊቷ ሰፊ ግቢ፣ ግቢው መካከል ደግሞ አንድ ትልቅ ሾላ። ክትባት ሲመጣ እንከትባለን፤ መድኃኒት ሲኖር እናክማለን። ብዙውን ጊዜ ግን መድኃኒት አልነበረም።

በገበያ ቀን ጠዋት አስፋልቱ ዳር ቆሜ የሚገቡትን አህዮች አይ ነበር። ከገጠሩ እህልና ከሰል፣ ከየመስኖው ፍራፍሬ፣ ከወንዙ ውሃ ተሸክመው ይመጣሉ። ጭነታቸው ሲራገፍ፣ ጀርባቸው ላይ የተነጠፈው አሮጌ ጆንያ ሲነሣ፣ ከሥሩ ያለው ሥጋ ይታያል። አንዳንዱ የመዳፍ ያህል ነው፤ አንዳንዱ እስከ አጥንት የዘለቀ ነው። ጆንያው መግሉ ላይ ደርቆ ተጣብቆ ስለሚያድር ሲነሣ ቁስሉን እንደ አዲስ ይዞት ይነሣል። አህያ ደግሞ አትጮህም። ቆዳዋን ታንቀጠቅጣለች፤ በቃ። ባለቤቶቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ለእኔም «ዶክተር፣ የምትቀባው ነገር የለህም?» ሲሉኝ ዓይናቸው ያሳዝን ነበር። የለኝም እላቸዋለሁ። «እንግዲያው አሳርፏት» እላለሁ። «እሺ» ይላሉ፤ ከዚያ ይጭኗትና ይሄዳሉ።

ዶክተር ሰሎሞን የመጣው በዚህ መሃል ነው። ወልድያ የሚሠራ እውነተኛ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የክብሪት እንጨት የሚያኝክ፣ ቶሎ የማይስቅ ሰው። ውርጌሳ አካባቢ ያሉ አንድ ሽማግሌ ለቁስል የሚሆን ዘይት እንደሚያፈሉ ሰምቶ ኖሮ በሞተር ሳይክሉ አፈናጥጦ ወሰደኝ። ክረምቱ መውጣቱ ነበር። ማሽላው አንገቱን ደፍቷል፤ ሕፃናት በየማሳው ዳር ጥንቅሽ ይመጥጣሉ። ሽማግሌው ሼህ እንድሪስ ይባላሉ። በራቸው ላይ ባለው የብሳና ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡን፤ ለእኛም ጥንቅሽ አስቆርጠው ሰጡን። ዘይቱን የሚያፈሉት ከኑግ፣ ከጥቁር አዝሙድና ከዚያው ከራስጌያችን ካለው የብሳና ቅጠል ነው። አልደበቁንም፤ አንድ በአንድ ነገሩን።

«ሼህ፣ ልንፈትነው ነው» አላቸው ዶክተር ሰሎሞን። «ላይሠራም ይችላል። ካልሠራ አልሠራም እንላለን።»

«ፈትኑት» አሉ ሼህ እንድሪስ። «አባቴ ይቀባ ነበር፤ እኔም እቀባለሁ። ያድናል እላለሁ እንጂ ለክቶ ያሳየኝ ሰው የለም። እስቲ እኔም ልወቀው፣ ኢንሻአላህ።»

በሁለት ጀሪካን ሞልተን ይዘን ተመለስን። በመንገድ ላይ ዶክተር ሰሎሞን ያን ቀን ብቻ ሲያፏጭ ሰማሁት። እኔም ልቤ ሞልቶ ነበር። ወጣት ነኝ፤ የምቀባው ነገር አግኝቻለሁ።

የፈተናው ሐሳብ ቀላል ነበር። ጀርባቸው የቆሰለ አህዮችን እንሰበስባለን። ግማሾቹን በጨው ውሃ አጥበን ዘይቱን እንቀባቸዋለን፤ ግማሾቹን በጨው ውሃ ብቻ እናጥባቸዋለን። ቁስሉ እስኪሽር ድረስ ሁሉም ግቢያችን ውስጥ ይከርማሉ፤ አይጫኑም። ገለባውን እኛ እናቀርባለን። ከባዱ ነገር ይህ የመጨረሻው፣ አለመጫኑ ነበር። ስንቱን ለምነን እምቢ አለን። የተስማሙት አህዮቻቸው ከነጭራሹ መሸከም ያቃታቸው ሰዎች ናቸው።

ከነዚህ አንዷ ዘይነባ ነበሩ። ባላቸው ሞተው በአንዲት አህያ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ከወንዝ ውሃ እየቀዱ መኪና መቆሚያው አጠገብ ላሉ ሻይ ቤቶች ያቀርቡ ነበር፤ የቧንቧው ውሃ በወር ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረምና። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አህያዋን የምትነዳው ልጃቸው መዲና ናት። ትምህርቷን ሰባተኛ ክፍል ላይ አቁማለች። ረጅም ናት፤ ስትራመድ ፈጠን ትላለች፤ ስትናገር ግን ዝግ ብላ ነው። አህያዋን «ሸጌ» ትላታለች። ሸጌ ግራጫ ነበረች፣ ጀርባዋን አቋርጦ ወደ ትከሻዋ የሚወርድ ጥቁር መስመር ያላት። መስመሩ መሃል ላይ ተቋርጦ ቁስል ሆኗል።

የትኛዋ ዘይት እንደምትቀባ በዕጣ ነበር የሚለየው። ብጣሽ ወረቀቶች ላይ «ዘይት»፣ «ውሃ» ብለን ጽፈን ባለቤቶቹ ከዶክተር ሰሎሞን ባርኔጣ ውስጥ አወጡ። ዘይነባ ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀቱን ለልጃቸው ሰጧት።

«ውሃ ነው፣ እማ» አለች መዲና።

ዘይነባ ወደ እኔ ዞሩ። «ውሃ? ውሃውንማ ስትሸከመው ኖረች፤ አሁን ደግሞ እሱው መድኃኒቷ ሊሆን ነው?»

ሰዎቹ ሳቁ። ዶክተር ሰሎሞን አልሳቀም። የሚነጻጸርበት ከሌለ ዘይቱ መሥራቱን ማወቅ እንደማይቻል በትዕግሥት አስረዳቸው። ያልተቀባችው ከሌለች የተቀባችው በዘይቱ ዳነች፣ በራሷ ዳነች ማን ያውቃል አላቸው። ዘይነባ ሰምተው ሲጨርሱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እሺ ልጄ፤ የእኔዋ ለማወቂያ ትሁን» አሉ።

ሥራው ለእኔ ተተወ። ጠዋት ጠዋት ውሃ አፈላለሁ፤ ጨው እጨምራለሁ፤ ለብ ሲል ሾላው ሥር አህዮቹን አንድ በአንድ አጥባለሁ። ከዚያ ዕጣ የወጣላቸውን በላባ ዘይት እቀባለሁ። ዶክተር ሰሎሞን በየሳምንቱ ከወልድያ እየመጣ ቁስሎቹን በማስመሪያ ይለካል። ዝንቡ ዘይቱን ፈራ፤ የተቀቡት አህዮች ቆመው ያንቀላፋሉ፣ ሸጌና ጓደኞቿ ግን ጭራቸውን ሲያወናጭፉ ይውላሉ። እውነቱን ለመናገር ዘይቱን ወደ ሸጌ ጀርባ ለማስጠጋት እጄ የተነሣበት ቀን አለ። አላደረግኩትም። እንደዚያ ካደረግሁ ሥራው ሁሉ ዋጋ የለውም ነበር።

ወደ ማታ ላይ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ መዲና የማሽላ አገዳ ይዛ ትመጣለች። ለሸጌ ገለባ እንደምንሰጣት ብታውቅም ታመጣለች። ሸጌ ድምፅዋን ስትሰማ ጆሮዋን ታቀናለች። እኔም፣ ምን ይደበቃል፣ ጋውኔን አስተካክል ነበር። ብዙ አናወራም።

«ዛሬስ?» ትላለች።

«ዳር ዳሩ እየጠገገ ነው።»

«ዘይት የተቀቡትስ?»

«እነሱ ትንሽ ቀድመዋታል።»

«ይቅደሟት። እሷ ግን እንዲህ አርፋ አይቻት አላውቅም። ወፈረች እኮ፣ አይደል?»

እውነቷን ነው፤ ሸጌ ወፍራ ነበር። ፀጉሯ አብረቅርቋል። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ስትንከባለል አየናት፤ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ አቧራውን እያቦነነች። መዲና እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ያን ሳቅ ዛሬ ድረስ አስታውሰዋለሁ፤ ሌላ ጊዜ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ መምጣቷ መዘግየት ጀመረ። ስትመጣም አትቀመጥም። አንድ ምሽት አገዳውን ለሸጌ ለመስጠት ጀርባዋን ወደ እኔ ሰጥታ ጎንበስ አለች። ቀሚሷ ከወገቧ ከፍ ብሎ ረጥቧል፤ እርጥበቱ ዳር ዳሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ዝንብ ዐርፎበታል። ነፋሱ ወደ እኔ ሲነፍስ ሽታው መጣ። ቀኑን ሙሉ ስሠራበት የምውለው ሽታ ስለሆነ ከአህዮቹ የመጣ መስሎኝ ነበር።

«መዲና፣ ጀርባሽ ምን ሆኖ ነው?»

ቀና አለች። «ምንም።»

«ቆስሏል እኮ።»

 የሸጌን ግንባር ዳበሰች።

«ጀሪካኑ ነው» አለች በመጨረሻ። «ገመዱ። ሻይ ቤቶቹ ውሃውን ካቋረጥን ሌላ ሰው ይይዛሉ፤ ከያዙ ደግሞ አይመልሱልንም። እማ ጉልበቷ እንደምታውቀው ነው። ሸጌ እስክትድን ብዬ ነው።»

እኔ ሰነፍ ሆኜ አልነበረም ያላሰብኩት። ሸጌ ስታርፍ ውሃው ይቆማል ብዬ ነበር የገመትኩት። ውሃው አልቆመም። ከአንዷ ጀርባ ወርዶ ወደ ሌላዋ ጀርባ ወጣ እንጂ። ሸጌ ዕጣዋ ውሃ በመሆኑ ከሌሎቹ ዘግይታ ስትድን፣ መዲናም በዚያው ልክ ስትሸከም ከረመች።

ዶክተር ሰሎሞን ሲመጣ ነገርኩት። የሚያኝከውን እንጨት ከአፉ አወጣ። ዘይቱን እንስጣት እንዴ ብዬ ጠየቅሁት።

«ለሰው ቁስል አልፈተንነውም» አለኝ። ቀጥሎም «ደግሞ ብንሰጣትስ፣ እየተሸከመች...» አለ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ጤና ጣቢያ እንድትሄድ እሱ ራሱ ዘይነባን ቤታቸው ሄዶ ለመናቸው። መዲና ሄደች። አጠቡላት፤ በፋሻ ጠቀለሉላት። ምን አሉሽ ብዬ ስጠይቃት መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ።

«ሸክም ተዪ አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«እሺ አልኳቸው።»

ጥቅምት ሲያልቅ የሁሉም ቁስል ሻረ። ዶክተር ሰሎሞን ባለቤቶቹን ሾላው ሥር ሰበሰባቸው። ሼህ እንድሪስም ከውርጌሳ በአውቶቡስ መጥተው ነጭ ኩፍታቸውን ደፍተው ከፊት ተቀምጠዋል። ዶክተር ሰሎሞን እንደ ቃሉ እውነቱን ተናገረ። ዘይቱ መጥፎ አይደለም፤ ዝንብ ይከለክላል፤ ቆዳውን ያለሰልሳል፤ የተቀቡት ጥቂት ቀን ቀድመው ድነዋል። ያልተቀቡትም ግን ድነዋል።

«ያዳናቸው እረፍቱ ነው» አለ። «ከዚህ የበለጠ የምነግራችሁ ነገር ባገኝ ደስ ባለኝ።»

ሼህ እንድሪስ ለረጅም ጊዜ መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ ቆዩ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ፣ ቢያንስ አልጎዳም» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የተሰበረ ነገር ነበር። በአባታቸው ዘይት ላይ ያላቸው እምነት ብዙ ነበር መሰለኝ፤ ሰው ዓይናቸውን እንዳያይባቸው ወደ ሾላው ቅርንጫፍ ቀና ብለው ያዩ ነበር።

አንድ ገበሬ እጁን አወጣ። «እንግዲህ አሁን መጫን እንችላለን?»

ዶክተር ሰሎሞን ጥያቄውን የጠበቀው አይመስለኝም። «ቆዳው ገና ለጋ ነው፤ ትንሽ ብትታገሡ» አለ። ሰውየው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። በማግሥቱ ገበያ ነበር። ጠዋት እንደ ልማዴ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ሁሉም ተጭነው መጡ።

ሸጌ ላይ የበቀለው ቆዳ ሐምራዊና ፀጉር የሌለው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነበር። መዲና ያላትን ጨርቅ ሁሉ ከጆንያው ሥር አነጠፈችላት፤ የራሷን ነጠላ ሳይቀር። ለጥቂት ጊዜ ያዘ። ከዚያ አንድ ቀን ጨርቁ ረጠበ። የቀረንን ዘይት ሰጠኋት፤ ቀባቻት፤ ጫነቻት። ቁስሉ ሲብስባት ሸጌን አሳርፋ ራሷ ትሸከማለች፤ የራሷ ሲብስባት ደግሞ ሸጌን ትጭናለች። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቻት ጀሪካኑን ተቀብዬ እስከ ሻይ ቤቱ ድረስ ተሸከምኩላት። ሰው ቆሞ አየን። ሻይ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። ጀሪካኑን ከእጄ ስትቀበለኝ «አመሰግናለሁ» አለችና የሚቀጥለውን ልትቀዳ ተመለሰች።

በዓመቱ፣ በበጋ፣ ክሊኒኩ ድረስ መጣች። አገዳ አልያዘችም።

«ልሄድ ነው» አለችኝ።

«የት?»

«ዓረብ አገር። ከሠፈራችን ልጆች ጋር ነው። በአፋር አድርገን፣ ከዚያ ባሕሩን።»

ባሕሩን ስትል እንደ መርሳ ወንዝ ቀለል አድርጋ ነው ያለችው። አትሂጂ አልኳት። መንገዱ ክፉ እንደሆነ፣ የሄዱት ሁሉ እንዳልደረሱ፣ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያ «እሺ» አለች፤ ለጤና ጣቢያው እንዳለችው ዓይነት እሺ።

«እማ ስትጭናት የሸጌን ጀርባ እይልኝ» አለችና ሄደች።

አየሁላት። እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ አየሁላት። አህያዋን አሁን የሚነዱት ዘይነባ ናቸው፤ በእንጨት እየተደገፉ፣ ሸጌ ስትቆም ቆመው፣ ስትሄድ ሄደው። ከዚያ ሸጌ የኋላ እግሯ አልነሣ አላት። ዘይነባ ቤት ውስጥ አስተኝተው ውሃ በእጃቸው ቢያጠጧትም ሁለተኛ አልቆመችም። ጎረቤቶች ጎትተው ከከተማው ውጭ ጣሏት፤ ቀሪውን ጅብ ጨረሰው። ዘይነባ ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። «ልጄ ከደወለች አትንገሯት» ብቻ አሉኝ።

መዲና አልደወለችም። አብረዋት ከሄዱት አንዱ ከዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰ። ባሕሩ ዳር በተለያየ ጀልባ እንደጫኗቸው፣ ከዚያ ወዲያ እንዳላያት ተናገረ። ዘይነባ ልጁን ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ «ጀርባዋ እንዴት ነበር?» ልጁ ጥያቄው አልገባውም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር ገብቶኛል፤ ግን የማስረዳበት አቅም አልነበረኝም።

እኔ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። ዶክተር ሰሎሞን ሥራውን ጽፎ ለአለቆቹ አቀረበ፤ ጥሩ ሥራ ነው ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሼህ እንድሪስ በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ዘይነባም ከእሳቸው በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ጎማ የሚጠግኑ ልጆች ይሠራሉ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየወረዳው «አሳርፏት» እያልኩ ኖርኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም። አንድም ሰው ተቆጥቶኝ አያውቅም። ሁሉም «እሺ» ይሉኝ ነበር። ስለ አህዮቹ ማሰብ እየተውኩ መጣሁ፤ ዕድሜ እንዲህ ያለውን ነገር ያደነዝዛል።

አንድ ነገር ግን አልተወኝም። አሁን ወልድያ ውስጥ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሱቅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ አገኛቸዋለሁ። ሁሌም እጠይቃለሁ። «መዲና የምትባል የመርሳ ልጅ አታውቂም? ረጅም ናት፤ ስትራመድ ፈጠን ትላለች።» «መዲናማ ብዙ አለ፣ አባባ» ይሉኛል። «የማን ልጅ?» የዘይነባ እላቸዋለሁ። አያውቋትም። አንዷ ባለፈው ትንሽ አሰበችና በርኅራኄ አየችኝ። «ስንት ዓመቷ ነው፣ አባባ?» አለችኝ። ልመልስላት ዓመታቱን መቁጠር ጀመርኩ። በሕይወት ካለች ዛሬ እናቷ ያኔ የነበሩበትን ዕድሜ አልፋለች። እኔ ግን አሁንም የምጠይቀው ስለዚያች ልጅ ነው።